አንግሎ-ሳክሰኖች በአውሮፓ ብራና ላይ የተዉት አሻራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንት የአውሮፓ ብራናዎች ወሬ ባነሳሁ ቁጥር የሚከተሉኝ ጥያቄዎች ያው ናቸው። ሁሌ ከመድገም አንዴ ጽፌ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አብዛኛው ነገር የሆነው ከ690 እስከ 850 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አንግሎ-ሳክሰኖች እነማን ናቸው? ባሕር ተሻግረው ምን ሊሠሩ ሄዱ?

የዛሬዎቹ እንግሊዞች ቅድመ አያቶች ናቸው። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ አካባቢ ተነሥተው ብሪታንያ የሰፈሩ ሕዝቦች። ክርስትና የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። ከሮም የተላከው አውጉስጢኖስ ኬንት የገባው በ597 ነበር፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ከአየርላንድ ወገን የመጡ መነኮሳት አስተማሯቸው። መቶ ዓመት ሳይሞላ እነሱ ራሳቸው ሰባኪ ሆነው ተነሡ። ወደ የት? የሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው ወደሚሏቸው፣ ገና ጣዖት ያመልኩ ወደነበሩት የፍሪዝያ (የዛሬዋ ሆላንድ የባሕር ዳርቻ) እና የጀርመን ሰዎች።

ዊሊብሮርድ በሰሜን እንግሊዝ የነበረችው የኖርዘምብሪያ ልጅ ነው። በ690 ተሻገረ፤ በ698 ደግሞ ዛሬ ሉክሰምበርግ ውስጥ ባለችው በኤክተርናኽ ገዳም አቋቋመ። ከእሱ ቀጥሎ ቦኒፋስ መጣ፤ የዌሴክስ ሰው፣ የትውልድ ስሙ ዊንፍሪት። በ744 ደቀ መዝሙሩ ሽቱርም የፉልዳን ገዳም መሠረተለት። የዉርዝቡርግ የመጀመሪያ ጳጳስ ቡርካርትም ከዚያው ከእንግሊዝ ነው።

ገዳም ካለ ቅዳሴ አለ። ቅዳሴ ካለ መጽሐፍ ያስፈልጋል። በዚያ ጫካ መሃል ደግሞ መጽሐፍ ከየት ይገዛል? ወይ ከአገር ቤት ማስላክ ነው፣ ወይ ጥጃ አርዶ፣ ቆዳ ፍቆ፣ ቁጭ ብሎ መጻፍ። ሁለቱንም አደረጉ።

"የደሴት ጽሕፈት" ሲባል የአየርላንድ ነው ወይስ የእንግሊዝ?

ሊቃውንቱን ስንት ዓመት ያጨቃጨቀ ጥያቄ ነው። ፊደሉን የጀመሩት አየርላንዶች ናቸው። እንግሊዞቹ ከእነሱ ተማሩት፤ ከዚያ አብረው አሳደጉት። አንድ ገጽ አይቶ ይሄ የአየርላንዳዊ እጅ ነው፣ ይሄ የእንግሊዛዊ ብሎ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። "ኢንሱላር"፣ ማለትም የደሴት፣ የሚለው ስም የመጣው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ወገን የማያስቀይም ስም።

እኔ ጭቅጭቁን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ዊሊብሮርድ ራሱ እንግሊዛዊ ሆኖ አየርላንድ ውስጥ 12 ዓመት የተማረ ሰው ነው። እሱ ያሠለጠነው ተማሪ እጁ የማን ሊባል ነው?

አንድ ብራና የእንግሊዞች እጅ እንዳለበት በምን ይታወቃል?

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያየው ሥዕሉን ነው። የተጠላለፉ እንስሳት፣ በቀይ ነጠብጣብ የተከበቡ ትልልቅ የመነሻ ፊደሎች፣ ምንጣፍ የመሰለ ሙሉ ገጽ። ሥዕል ግን ማንም ጎበዝ አይቶ ሊገለብጠው ይችላል። እኔን የሚያሳምነኝ ከሥር ያለው ሥራ ነው። እጅ ሳያስብ በልማድ የሚሠራው፣ ማንም ያየዋል ተብሎ ያልተሠራው።

ከቆዳው እንጀምር። በአህጉሩ፣ ማለትም ከባሕር ማዶ ባለው በዋናው የአውሮፓ ምድር፣ ወግ የተዘጋጀ ብራና የጠጉሩ ወገንና የሥጋው ወገን ይለያል። አንዱ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ አንዱ ይነጣል። መጽሐፉ ሲገለጥ ዝንጉርጉር እንዳይሆን ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ እንዲተያይ ተደርጎ ይደረደራል። የደሴቶቹ ሰዎች የጥጃ ቆዳ ይወዳሉ፤ ወፈር ያደርጉታል፤ ሁለቱንም ወገን አጥብቀው ይፍቁታል። ሲዳሰስ ትንሽ እንደ ከፋይ ይላል። ወገኑ ስለማይለይ ማተያየቱ አያስጨንቃቸውም፤ የጠጉሩን ወገን ሁሉ ወደ ውጭ አድርገው ይደራርቡታል። ብራና ሲፋቅ ቆሞ ያየ ሰው ይህ የጣዕም ሳይሆን የእጅ ልማድ ልዩነት መሆኑ ቶሎ ይገባዋል።

ከዚያ አስተጣጠፉ። በአህጉሩ አራት ሉክ ታጥፎ ስምንት ቅጠል አንድ ጥራዝ ይሆናል። በደሴቶቹ በኩል አምስት ሉክ፣ አሥር ቅጠል በብዛት ይገኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ቀዳዳውን ነው። መስመር ለማስመር መጀመሪያ በወስፌ ወይም በቢላ ጫፍ የቅጠሉ ዳር በእኩል ርቀት ይወጋል። በአህጉሩ ሉኩ ተዘርግቶ እንዳለ ይሰመርና ኋላ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው በውጭው ዳር ብቻ ነው። በደሴቶቹ ሉኮቹ መጀመሪያ ይታጠፋሉ፤ ጥራዙ ባንድ ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ቅጠል በቅጠል ይሰመራል። ታጥፎ ሲሰመር ማስመሪያው መነሻም መድረሻም ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል ሁለት የቀዳዳ ረድፍ ይኖረዋል፤ አንዱ በውጭው ዳር፣ አንዱ በመጠረዣው በኩል። ጀርመን ውስጥ የተጻፈ መጽሐፍ ተከፍቶ በመጠረዣው በኩል ያቺ ረድፍ ከታየች፣ ጸሐፊው ወይም የጸሐፊው መምህር ከባሕር ማዶ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ለብቻዋ ማስረጃ አትሆንም። ከቆዳው፣ ከጥራዙና ከፊደሉ ጋር ስትገጥም ግን ነገሩ አለቀ።

ፊደሉ ላይ ደግሞ ምህጻረ ቃሎቹ ያጋልጧቸዋል። "ነው" የሚለውን የላቲን ቃል አግድም ሰረዝ ስበው፣ ከላይና ከታች ነጥብ አድርገው ይጽፉታል። ቁርጥ የሒሳብ ማካፈያ ምልክት። "እና" የሚለውን ደግሞ ሰባት ቁጥር በመሰለች ምልክት። ምዕራፍ ሲጀምሩም የመጀመሪያው ፊደል ግዙፍ ይሆንና ተከታዮቹ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ከተራው ጽሕፈት ጋር ይገጥማሉ። ያቺን ደረጃ አንዴ ከለመዷት ከሩቅ ትታወቃለች።

ቃላትን በባዶ ቦታ መለየት የመጣው ከእነሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

የጀመሩት አየርላንዶች ናቸው፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን። እንግሊዞቹ ወረሱትና ወደ አህጉሩ ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በፊት የላቲን ጽሑፍ ያለ ክፍተት ተያይዞ ነበር የሚጻፈው። ጣልያን ወይም ስፔን ላለ አንባቢ ላቲን ከአፍ መፍቻው ብዙ አይርቅም፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ ቃሉ የት እንዳለቀ ጆሮው ይነግረዋል። ለአየርላንዱና ለእንግሊዙ ግን ላቲን ከመጽሐፍ የተማሩት ባዕድ ቋንቋ ነው። ዓይን ካልታገዘ አይሆንም። የእኛ ጸሐፍት ይህን ጣጣ በሁለት ነጥብ ገላገሉት፤ እነሱ በባዶ ቦታ።

ቦኒፋስ በደብዳቤዎቹ ምን ነበር የሚለምነው?

መጽሐፍ። አሁንም መጽሐፍ። ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ተርፈዋል፤ ከዚህ ርዕስ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አንብብ ብባል የማነበው እነሱን ነው።

በ735 ገደማ ለእመምኔት ኤድቡርግ ይጽፋል። የጌታዬን የጴጥሮስን መልእክታት በወርቅ ጻፊልኝ ይላል። ወርቁን በቄስ ኢዮባ እጅ ልኮላታል። ምክንያቱንም አይደብቃትም፤ ስሰብክ ሥጋውያን ሰዎች ቅዱስ መጽሐፍን በዓይናቸው አይተው እንዲያከብሩት ነው ይላል። ማንበብ በማይችል ሕዝብ ፊት የሚያብረቀርቅ ገጽ መግለጥ ምን እንደሚያደርግ ገብቶታል።

ሌላው ለዊንቸስተር ጳጳስ ለዳንኤል የጻፈው ነው። ሸምግሏል። ዓይኑ ደክሟል። መምህሬ አበምኔት ዊንበርት የተወው፣ ስድስቱን ነቢያት በአንድ ላይ የያዘ፣ ፊደሉ ግልጽና የተነጣጠለ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ላክልኝ ይላል። እዚህ አገር እንዲያ ያለ አላገኝም፤ ደቃቃና የተያያዘ ጽሕፈት ዓይኔ አልለይ ብሎኛል። እዚህች ደብዳቤ ላይ ሁለቱ የጽሕፈት ወጎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በዛሬው ፈረንሳይና ጀርመን ይገዙ የነበሩት የፍራንኮቹ የተጠላለፈ ፈጣን ጽሕፈትና የደሴቱ ልቅም ያለ ፊደል። እያወዳደረ ያለው ደግሞ የጽሕፈት ተመራማሪ ሳይሆን መነጽር ባልነበረበት ዘመን የኖረ ሽማግሌ ነው።

ከዮርክ ሊቀ ጳጳስ ከኤግበርት የቤዳን ድርሳናት ይጠይቃል። ቤዳ በ735 ያረፈው የጃሮው መነኩሴ ነው፤ በዘመኑ እሱን የሚያህል ሊቅ አልነበረም። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ትንንሽ በርሜል ወይን ልኳል፤ ከወንድሞችህ ጋር ደስ ብሏችሁ ዋሉበት ብሎ። ለዌርማውዝ አበምኔት ለህዌትበርት ደግሞ የፍየል ጠጉር አልጋ ልብስ። ልመና ነው፣ ግን ባዶ እጁን አልለመነም።

የቦኒፋስ ተማሪ ሉል በጀርመኗ ማይንዝ የጵጵስና ወንበሩን ከወረሰ በኋላም ልመናው ቀጠለ። በ764 የዌርማውዝና የጃሮው አበምኔት ከዝበርት የጻፈለት መልስ አለ። የፈለግከውን ያህል ማስገልበጥ አልቻልንም ይላል። ያለፈው የብርድ ወራት ደሴታችንን በቁር፣ በበረዶና በማዕበል አስጨነቃት፤ የጸሐፊያችን እጅ ተያዘ። ለጊዜው ቤዳ ስለ ቅዱስ ከዝበርት (ስሙ አንድ ነው እንጂ ሌላ ሰው ነው) በግጥምና በዝርው የጻፋቸውን ልኬልሃለሁ። ከዚያ በተራው ይለምናል፦ መስታወት የሚሠራ ባለሙያ ካለህ ላክልኝ፣ እኛ ጋ የለም። ደግሞ "ሮታ" የምንለውን የክር መሣሪያ የሚጫወት ሰው፤ መሣሪያው አለኝ፣ ባለሙያ የለኝም። በዚህ ጥያቄዬ እንዳትስቅብኝ።

ስለ "ተጽዕኖ" ሲወራ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ይመስላል። እነዚህን ደብዳቤዎች ሳነብ የሚታየኝ ግን ባሕር ያለያያቸው ወዳጆች ዕቃ ሲላላኩ ነው።

ፉልዳ ያለው የተቆረጠው መጽሐፍ ቦኒፋስ ሰይፍ የመከተበት ነው?

ቦኒፋስ የተገደለው በ754 ፍሪዝያ ውስጥ፣ ዶኩም አጠገብ ነው። ብዙም ሳይቆይ የተጻፈው ገድሉ እንደሚለው ገዳዮቹ ሳጥኖቹን ወርቅ ነው ብለው ሰበሯቸው። መጽሐፍ ሆነባቸው። ግማሹን ሜዳ ላይ፣ ግማሹን ረግረግ ውስጥ ወረወሩት። መጽሐፍ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ጋሻ ያዘ የሚለው ግን በኋላ የመጣ ታሪክ ነው።

ፉልዳ ያለው፣ በአስጻፊዋ በራጊንድሩዲስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ፣ በእርግጥ ስለት አርፎበታል። ቁርጡ ዛሬም ይታያል። ነገር ግን ጽሕፈቱ የእንግሊዞች ወግ አይደለም፤ የፍራንኮች፣ በሉክሶይ ገዳም ስም የሚጠራው ጽሕፈት ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ አሻራ ብሎ የሚያሳያችሁ ካለ አትስሙት። አጠገቡ ያለው ኮዴክስ ፉልደንሲስ ይሻላል። በ540ዎቹ ጣልያን ውስጥ ለካፑዋው ጳጳስ ቪክቶር የተጻፈ ነው። የያዕቆብ መልእክት ላይ ሲደረስ በትንንሽ የእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ ማብራሪያ ብቅ ይላል። የቦኒፋስ የራሱ እጅ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

መጻሕፍቱ ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው ወይስ እዚያው የተጻፉ?

ሁለቱም። በኤክተርናኽ ስም የሚጠራውን ወንጌል ውሰዱት፤ አሁን ፓሪስ ነው። የማርቆስ ገጹ ላይ አንበሳ ይዘላል። ጅራቱ ወደ ላይ፣ አካሉ በአየር ላይ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀጥ ያሉ ጠባብ መስመሮች እንደ ቅጥር ከብበውታል። የቅጥሩ ክፍሎች ሊያስሩት የሞከሩ ይመስላሉ፤ እሱ ግን ዘሎ ሊወጣ ነው። አጠገቡ "የአንበሳ ምስል" የሚል ጽሑፍ አለ። ኖርዘምብሪያ ተጽፎ መጣ የሚሉ አሉ፣ ኤክተርናኽ ራሷ የሚሉ አሉ፣ አየርላንድ የሚሉም አልጠፉ።

ትሪር ያለው ሌላ ወንጌል ላይ ግን ጭቅጭቅ የለም፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እዚያው ኤክተርናኽ የተሠራ ነው። አንዱ ጸሐፊ ቶማስ ስሙን ጽፎበታል። ከገጽ ገጽ የደሴቱና የሜዲትራኒያኑ ወግ ይፈራረቃሉ፤ አንዳንዴም እዚያው ገጽ ላይ ይጋጠማሉ። ቪየና ደግሞ በሳልዝቡርግ አካባቢ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ወንጌል አለ። የጸሐፊው ስም ኩትበርህት ነው። የአገሩን ስም ባይነግረንም ስሙ ራሱ ይናገራል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በቡርካርት ስም የሚጠራው የዉርዝቡርግ ወንጌል በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ተጻፈ፤ ኖርዘምብሪያ ገብቶ ቅጠሎች ተጨመሩበት፤ መጨረሻው ጀርመን ሆነ። መጽሐፉ ከብዙ ሰው የበለጠ አገር አይቷል።

ሴቶችስ ይጽፉ ነበር?

አዎ፣ በደንብ። ኤድቡርግን አይተናል። የቦኒፋስ ዘመድ ሊኦባ ታውበርቢሾፍስሃይም የሴቶች ገዳም መርታለች። የኪትሲንገን እመምኔት ቴክላም ከእንግሊዝ የመጣች ናት።

ሁጌቡርክ የምትባለው ግን ልቤን ወስዳዋለች። ሃይደንሃይም ገዳም የነበረች እንግሊዛዊት መነኩሲት ናት። የጳጳስ ዊሊባልድን ገድል ጻፈች፤ ኢየሩሳሌም ድረስ ያደረገውን ጉዞ ከራሱ አፍ ሰምታ። በመግቢያው ላይ ስሟን አልጠቀሰችም። ነገር ግን አንድ ቅጂ ውስጥ፣ በሁለት ጽሑፎች መካከል፣ ትርጉም የለሽ የሚመስሉ አራት መስመሮች አሉ። በ1931 በርንሃርት ቢሾፍ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ፈታቸው። አናባቢ ፊደሎቹ ወጥተው በቦታቸው "አንደኛ"፣ "ሁለተኛ"፣ "ሦስተኛ" የሚሉ የላቲን ቃላት በአጭር በአጭሩ ገብተዋል። ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ እኔ ሁጌቡርክ የምባል የሳክሰን ሴት ይህን አሰናድቼ ጻፍኩ። ከሺህ ዓመት በላይ ስሟ ገጹ ላይ ነበር፤ ያየው ሁሉ አለፈው።

የሮሙ ጳጳስ ዘንድ የተላከው ግዙፍ መጽሐፍ ቅዱስስ?

ኮዴክስ አሚያቲኑስ ነው የምትሉት። የዌርማውዝና የጃሮው አበምኔት ቼልፍሪት ሦስት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አስጻፈ። ሁለቱን ለሁለቱ ገዳማት፣ ሦስተኛውን ለሮም። ሦስተኛው ሙሉውን ተርፏል፤ ከ1,000 በላይ ቅጠል አለው፤ ክብደቱ 34 ኪሎ ገደማ ነው። ከ500 በላይ ጥጃ ታርዶበታል። በ716 ሽማግሌው ራሱ ይዞት ተነሣ፤ መንገድ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ላንግር ላይ አረፈ። አጃቢዎቹ ጉዞውን ቀጠሉ።

ነገሩን አስቂኝ ያደረገው፣ መጽሐፉ የደሴት ሥራ አይመስልም። ከሮምና ከጣልያን በመጡ መጻሕፍት አርአያ፣ በሮማውያን ትልቅ ፊደል ነው የተጻፈው። የሰጪው ስም የሰፈረበት ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የቼልፍሪትን ስምና "የእንግሊዞች" የሚለውን ፍቆ፣ "ጴጥሮስ ዘሎምባርድ" ብሎ ጻፈበት። በዚህ ምክንያት ለብዙ መቶ ዓመታት የጣልያን ሥራ ሲባል ቆየ። እውነቱ የወጣው በ1880ዎቹ ነው። አሁን ፍሎረንስ ነው ያለው።

የካሮሊን ፊደልን የፈጠረው አልኩዊን ነው አይደል?

አይደለም። ይህ ተረት ግን አልሞት አለ።

አልኩዊን የዮርክ ሊቅ ነው። በ781 ፓርማ ላይ ከፍራንኮች ንጉሥ ከሻርለማኝ ጋር ተገናኘ፤ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ መምህር ሆነ፤ በ796 የቱር ቅዱስ ማርቲን ገዳም አበምኔት ተደረገ፤ በ804 ሞተ። ዛሬ የምናነበው የላቲን ትንሹ ፊደል አባት የሆነው የካሮሊን ጽሕፈት ግን በሰሜን ፈረንሳይ ኮርቢ ገዳም ከ781 በፊት ሲጻፍ ነበር። አልኩዊን የሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ሳይገባ ፊደሉ መንገድ ጀምሯል።

ድርሻው ሌላ ነው። እርማት፣ ሆሄያት፣ ሥርዓተ ነጥብ። ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ጸሐፍቱ በመሃይምነት ሥርዓተ ነጥብን ሊተውት ምንም አልቀራቸው ብሎ ያማርራል። ዛሬ በስልክ መልእክት ሲጻጻፍ ነጠላ ሰረዝ የሚያበሳጨው ሰው አይጠፋም፤ አልኩዊን አባቱ ነው። ስለ ጸሐፍት በጻፈው ግጥም ደግሞ ወይን ከመቆፈር መጽሐፍ መጻፍ ይሻላል ይላል፤ ያኛው ሆድን ያገለግላል፣ ይህኛው ነፍስን።

መጽሐፍም አስመጥቷል። ቱር ከገባ በኋላ አገሬ ሳለሁ የነበሩኝ መጻሕፍት እዚህ የሉኝም፤ ልጆቼን ልላክና የብሪታንያን አበባ ወደ ፈረንሳይ ያምጡልኝ ብሎ ሻርለማኝን ጠይቋል። ከሞቱ በኋላ ቱር ትልልቅ መጽሐፍ ቅዱሶችን ደጋግሞ ያመርት ጀመር፤ ከየአገሩ ይታዘዝ ነበር። የዚያ ሥርዓት መሠረት የእሱ ነው። ፊደሉ ግን አይደለም።

የእንግሊዞቹ ጽሕፈት ከአህጉሩ መቼ ጠፋ?

ቀስ በቀስ። የካሮሊን ጽሕፈት ለማንበብ ይቀላል፤ የቤተ መንግሥቱም ድጋፍ ነበረው። ፉልዳ ግን እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አልለቅም ብላ ቆየች። ራባኑስ ማውሩስ ከ822 እስከ 842 አበምኔት ሲሆን፣ ራሱ ቱር ሄዶ ከአልኩዊን የተማረ ነው፤ በእሱ ዘመን ሁለቱ ጽሕፈቶች አንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

በ830ዎቹ ገደማ ሁለት የፉልዳ ጸሐፍት በአንድ መንፈሳዊ መጽሐፍ ባዶ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ላይ ስለ አባትና ልጅ ጦር ሜዳ መገናኘት የሚናገር የጀርመንኛ ግጥም ገለበጡ፤ የሂልደብራንድ መዝሙር የሚባለው ነው። ገጹ አልበቃ ብሏቸው ፍጻሜው ቀርቷል። በዘመኑ የላቲን ፊደል ለጀርመንኛው "ው" ድምፅ የራሱ ፊደል አልነበረውም። እነሱ "ዊን" የሚባለውን የእንግሊዞች ፊደል አስገቡ። ጀርመንኛ ግጥም፣ ጀርመን አገር፣ ጀርመን ጸሐፍት፤ መሃሉ ላይ የእንግሊዝ ፊደል። አሁን ካሰል ነው የሚገኘው። በ1945 ተሰርቆ አንዱ ቅጠሉ አሜሪካ ድረስ ሄዶ፣ በ1972 ነው የተመለሰው።

ጌጡ ከፊደሉ በኋላ ዕድሜ አገኘ። በሰሜን ፈረንሳይ እንደ ሴንታማን ያሉ ገዳማት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የተጠላለፈ ሐረግ ያለበትን የደሴት ዘይቤ እየተጠበቡበት ነበር። ጽሕፈቱ ካሮሊን፣ የመነሻ ፊደሉ ደሴት።

ከእኛ ብራናዎች ጋር ግንኙነት አለው?

ሐረጉ ይመሳሰላል ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ቀጥተኛ ግንኙነት አልነበረም። የጋራ አያት ግን አላቸው። የቂሳርያው አውሳቢዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌላት የሚያስተያይ ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር፤ በአዕማድና በቅስት መሃል የሚጻፈው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ አለ። በአንግሎ-ሳክሰን ወንጌሎች መጀመሪያ ላይም አለ። አንዱ ምንጭ ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ፈሰሰ። ከዚያ ያለፈውን ዝምድና እኔ አልፈጥርም።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በነፃ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ የአንበሳው ወንጌል ቁጥሩ ላቲን 9389 ነው። የዉርዝቡርግ መጻሕፍትም ዲጂታል ሆነዋል። ስልክ ላይ አይሆንም፤ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ አጉሉት፤ ሥዕሉን ጠግባችሁ ካያችሁ በኋላ ዳር ዳሩን ቀዳዳ ፈልጉ።

ከዚያ እዚያው ፓሪስ ያለውን ላቲን 10837 ክፈቱ። የዊሊብሮርድ የግል የቀን መቁጠሪያ ነው። የኖቬምበር ገጽ ላይ ድረሱ። ዳር ላይ የራሱ እጅ እንደሆነ የሚታመን ጽሑፍ አለ። በ690 ባሕር ተሻግሮ ወደ ፍራንኮች አገር እንደመጣ፣ በ695 ሳይገባው ሮም ላይ ጳጳስ ተብሎ እንደተሾመ፣ አሁን 728 እንደሆነ ይናገራል። ሲጽፈው 70 ዓመቱ ነበር።